ሻዩ ወይራ ወይራ ይላል

እሑድ፣ ጥቅምት 3

ዛሬ አንድ ሥራ ብቻ። የነዋል የሴቶች ፀጉር ቤት። ወንድ ቧንቧ ሠራተኛ ደጃፏን አይረግጥም፣ ውስጥ ሁሉም ፀጉሯን ገልጣ ነው የምትቀመጠው። ለዚህ ነው እኔ የምጠራው።

የእጅ ሻወሩ ጎማ ቀለም የተበጠበጠበት ባልዲ ውስጥ ሰጥሞ አገኘሁት።

«ነዋል፣ ይሄን ጎማ ከባልዲው አውጪው ብዬሽ አልነበር?»

«ምን ያደርጋል? ውሃ እንደሆነ ወደፊት ነው የሚሄደው።»

«ወደ ኋላም ይሄዳል። ጎረቤት በፓምፕ ሲስብ መስመሩ ያገኘውን ይዞ ይመለሳል። ያንቺን ቀለም ጎረቤትሽ ሻይዋ ላይ ታገኘዋለች።»

«ሄዶ ይመለሳል? ከባሌ ይሻላል በይኛ!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅኩ። ቼክ ቫልቯን ፈታተሽኩት። «በአንድ በኩል ብቻ የሚከፈት በር» እያልኩ ነው የማስረዳቸው... ውሃ ያስገባል፣ የገባውን አያስወጣም። የግፊት መለኪያዬ፣ የጌጁ፣ መርፌ ቀጥ ብሎ ቆመ። ደህና ነው።

ቤት ስገባ ልጄ ሩባ ሕፃኗን ታላን ታቅፋ እንቅልፍ ወስዷታል። አርባዋ እስኪሞላ እኔ ጋ ናት። ጡቷ ወተት እምቢ ስላለ ለታላ በጡጦ የዱቄት ወተት ነው። ባሌ ሙንዚር ጣሪያ ላይ ለእርግቦቹ ያፏጫል። ለእኔ አንድ ቀን እንደዚያ አፏጭቶ ያውቃል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

የውሃ ቀን፣ በሳምንት አንዴ የሚለቀቅበት። ጎሕ ሳይቀድ ሰፈሩ ነቃ። ምንጣፍ፣ አንሶላ፣ ልጅ፣ ሁሉም ዛሬ ይታጠባል። መስመሩ ማጉረምረም ሲጀምር ፓምፖቹ ተነሡ። የኛ ቀድሞ! ሙንዚር ዘንድሮ ትልቁን ገዝቷል። ቀጥታ ከመንገዱ ቧንቧ ላይ ነው የሚስበው። ክልክል ነው፣ ሁሉም ግን ያደርገዋል።

«አንቺ ሕግ ስታነቢ ታንከራችን ባዶ ይቅር?» ይለኛል።

የዋሲፍ የወይራ ዘይት መጭመቂያም ሥራ ጀመረ። የሙንዚር ታናሽ ወንድም ነው፣ ግድግዳችን አንድ ነው። መንገዱ በወይራ ጆንያ ተዘግቷል። አየሩ ወይራ፣ ልብሱ ወይራ፣ ትራሱ ሳይቀር ወይራ።

ማታ ሻይ ጠጣሁ። ትንሽ መረረኝ... ናናው ይሆን?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ሻዩ ዛሬም ወይራ ወይራ ይላል። ሙንዚር «ቀኑን ሙሉ ስትለቅሚ ውለሽ ሻዩን ታሚያለሽ? እጅሽን ላሺው እስቲ» አለኝ። ላስኩት። እውነቱን ነው፣ ይመራል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሆን ብዬ ዛሬ ወይራ አልነካሁም። ኢርቢድ ከተማ ሥራ ነበረኝ፣ ጓንት አድርጌ ዋልኩ። ማታ ሻይ... መራራ።

ለጎረቤቴ ለኡም ሱለይም ነገርኳት። «ወቅቱ ነው የኔ እህት፣ ወይራ በረከት ነው፣ ውሃው እንኳ ተቀብቶ መጣልን» ብላ ሳቀች። አጠገቧ የነበሩትም ሳቁ። የውሃ ነገር እንዲህ ነው፣ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ?

በብርጭቆ ቀድቼ መስኮቱ ላይ አየሁት። ከላይ ስስ የዘይት ቀለበት ይንሳፈፋል። ከየት መጣ? ከየት እንደሚመጣማ አውቃለሁ። ግን የዋሲፍን ቫልቭ ወይራው ሳይደርስ ራሴ ፈትሼዋለሁ... መርፌው ቆሞ ነበር። ታዲያ?

ሄጄ እንዳላይ ግቢው በወንድ ተሞልቷል። ጆንያቸው ላይ ተጋድመው፣ እያጨሱ፣ ተራ ይጠብቃሉ። ወንድ የማይረግጠው ቤት ሁሉ ለኔ ክፍት ነው። ከግድግዳዬ ማዶ ያለው ግን አይደለም።

«በወንድ መሀል ገብተሽ ወንድሜን ልታዋርጂው ነው?» አለ ሙንዚር። «ወይራው ይለቅ፣ ከዚያ ታዪዋለሽ።»

እስከዚያ ዝም ብዬ ልጠጣው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ወንዶቹ ለጁምዓ ሲወጡ ገባሁ።

ጌጁን ገጠምኩ። መርፌው አንዴ እንኳ ሳያመነታ ወደቀ። ደግሜ ገጠምኩ፣ ደግሞ ወደቀ። ቫልቩን በመፍቻ ፈታሁት... ባዶ። ሞላው የለም፣ ክዳኑ የለም። እንደተጠረገ ዓሣ አንጀቱ ወጥቷል። ከውጭ ያየው ሰው ግን ደህና ቫልቭ ነው የሚለው።

የወይራ ማጠቢያው ገንዳ ውሃ ጥቁር ነው። የሚሞላበት ጎማ ከሥር፣ ከቅጠሉና ከጭቃው ጋር ተኝቷል። ፓምፖቻችን ሲስቡ የምንጠጣው እሱን ነው።

ይሄም አይደል ያስፈራኝ። ከኋላ ሰማያዊ በርሜል አለ። ዋሲፍ ለደበርጃን ማሳው የተባይ መድኃኒት የሚበጠብጠው እዚህ ነው። ከዚያው መስመር ሌላ ጎማ አፉ ላይ ተንጠልጥሏል። በርሜሉ ደረቅ ነው። ዛሬ ደረቅ ነው...

ሁለቱንም ጎማዎች አንሥቼ ሚስማር ላይ ሰቀልኩ። ስዞር ዋሲፍ ከመስጊድ ደርሷል።

«የወንድሜ ሚስት! ዘይት ልትሰርቂ መጣሽ?»

«የቫልቩን አንጀት የት አደረግከው?»

ሳቁ ቀነሰ። «እሱማ ውሃውን አቀጠነብኝ። ሕዝቡ ተሰልፎ እያደረ እኔ በጠብታ ልጠብ?»

«ዋሲፍ፣ የገንዳህ ውሃ ሻዬ ውስጥ ነው ያለው።»

«ወይራ እኮ ነው! ወይራ ደግሞ ማንን ገደለ?»

«ወይራ የመጣበት መንገድ ለዚያ በርሜል ጠባብ ነው?»

በርሜሉን አየው። ከዚያ «እሺ፣ ነገ መልሼ አስገባዋለሁ። ሃይሰም ይሙት!» አለ። ሃይሰም የበኩር ልጁ ነው። በሱ ከማለ አበቃ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ለታላ መወለድ ምስጋና በግ ታረደ። ዋሲፍ አዲስ ዘይት በቆርቆሮ ይዞ መጣ፣ ግንባሯን ሳማት። ቤቱ ዘመድ በዘመድ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አስገባኸው?» ብዬ ልጠይቀው? ዓይን ለዓይን ተያየን። ጠቀሰኝ።

አዎ ማለቱ ነው። ምን ሌላ ይሆናል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

የውሃ ቀን። ሙንዚርን ፓምፑን ተወው አልኩት። «ሁሉም ሲስብ እኔ ልጹም?» አስነሣው።

ማታ ሻይ አፈላሁ። አልመረረም! ደግሜ ቀመስኩት... ወይራ የለም። አስገብቶታል ማለት ነው። ሰውን ክፉ አሰብኩበት፣ ያሳፍራል። ደስ ብሎኝ ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ።

ትንሽ ነጭ ሽንኩርት ነገር ሸተተኝ። ከምሳው ይሆናል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20። ሆስፒታል

ካልጻፍኩ ጭንቅላቴ ይፈነዳል።

ጠዋት የሙንዚር ጩኸት ነው ያስነሣኝ። ጣሪያ ላይ ሮጥኩ። እርግቦቹ ከታንከሩ የሚተርፈውን ውሃ የሚጠጡበት ሳህን ዙሪያ ተዘርረዋል። አንዳንዱ ክንፉ ገና ይርገበገባል።

«ጋሊብ ነው! ያ ውሻ መረዘብኝ!» ጋሊብ የታች ሰፈሩ እርግብ አርቢ ነው። እርግብ እየተሰራረቁ፣ በሐሰት እየማሉ ነው ያረጁት።

ጎንበስ ብዬ ሳህኑን አሸተትኩት። ነጭ ሽንኩርት። የትናንት ምሳችን ሩዝ በእርጎ እንደነበር ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ሩባ ወጥ ቤት ቆማ ጡጦ ታጠባለች። ግማሹ አልቋል።

ነጥቄ ወረወርኩት።

«እማ! ምን ሆነሻል? አፍልቼዋለሁ እኮ!»

መፍላት ጀርም ይገድላል። መርዝን ምን ያደርገዋል?

መጀመሪያ የታላ ለሃጭ በዛ። ከዚያ አንገቷ ላላ። የዓይኗ ብሌን ጠቦ ጠቦ የመርፌ ጫፍ አከለ። ሙንዚር መኪናውን እስኪያስነሣ ወደ መጭመቂያው ሮጥኩ። ወንድ ይኑር ሴት ይኑር አላየሁም። የገንዳው ጎማ እንደሰቀልኩት ሚስማሩ ላይ ነው፣ ሁለተኛው ግን በርሜሉ ውስጥ፣ እስከ ሥሩ ድረስ። ትናንት ሞልተው የተዉት በርሜል ጎድሏል፣ ግድግዳው ላይ የእርጥበቱ ልክ ይታያል። የጎደለው የት ሄደ? ነጭ ሽንኩርት የሚሸተውን የመድኃኒቱን ጣሳ አንሥቼ ወጣሁ።

«ኡም ሱለይም! መስጊዱ ይናገር! ማንም ውሃ እንዳይቀምስ!» ብዬ በመስኮት ጮኽኩ። ከመንደሩ ስንወጣ ድምፅ ማጉያው ሲጣራ ሰማሁ።

ሐኪሙ ጣሳውን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ መርፌ አዘዘ። አሁን መስታወት ክፍል ውስጥ ናት። ደረቷ ይነሣል፣ ይወርዳል። ዓይኔን ካነሣሁ የሚቆም ይመስለኛል።

እኔና ሙንዚር ያንኑ ውሃ ጠጥተን ራሳችንን አመመን እንጂ ቆመናል። እሷ ግን ስንት ኪሎ ናት?

የሳበው የኛ ፓምፕ ነው። የቅርቡም የኛ፣ የጠንካራውም የኛ። ይህን ለሩባ አልነገርኳትም።

ኀሙስ፣ ጥቅምት 21

ትተነፍሳለች። ከሆስፒታሉ በቀጥታ ውሃ መሥሪያ ቤት ሄጄ በዋሲፍ ላይ አመለከትኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

መጭመቂያው ታሸገ። መስመሩ ታጠበ፣ ታንከሩ ሁሉ ተደፋ። መሥሪያ ቤቱ መረመረና ንጹሕ ነው አለ። እኛ ግን ከቦቴ እየገዛን ነው የምንጠጣው።

ማኅተሙ የሚነሣው ወይ ዋሲፍ ቫልቩን አስገብቶ ሲፈተሽ ነው፣ ወይ እኔ ተሳስቻለሁ ብዬ ማመልከቻዬን ሳነሣ ነው። ማስገባቱ ቀላል ነበር። ግን ማስገባት ማለት ጎድሎ ነበር ብሎ በመንደሩ ፊት ማመን ነው። የወንድሙን የልጅ ልጅ መርዣለሁ ማለት ነው። ስለዚህ እኔ ውሸታም ልሁን።

መንገዱ ላይ ጆንያዎቹ ይሻግታሉ። የሚቆጡት ግን በሱ አይደለም። «የዓመት ዘይታችንን አበሰበሰችው» ይሉኛል፣ እንድሰማ ጮክ ብለው። ነዋል እንኳ «ሰሞኑን አትምጪ» ብላ ላከችብኝ። «ዕድል ነው፣ ሆን ብሎ አላደረገው» ይላሉ። ሆን ብሎማ አላደረገውም። እኔስ ሆን ብሎ አልኩ?

ሙንዚር አያናግረኝም። ዛሬ ብቻ «ወንድሜ ነው» አለ፣ ግድግዳውን እያየ።

«ታላስ ምንህ ናት?»

ተነሥቶ ጣሪያ ወጣ። ምን ሊሠራ? ባዶ ቆጥ ሊያይ።

ታላ ነገ ትወጣለች። እኔ ጋ ግን አትመለስም። አርባዋ ሳይሞላ ከነእናቷ ወደ አባቷ መንደር ይወስዷታል። የሩባ አማት «እኛ ጋ ውሃው ሰላም ነው» አለችኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ዋሲፍ ሽማግሌ ላከ። ሐጂ ዐቃብ መሪ ሆነው፣ የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ተከትለው፣ ዋሲፍ ከኋላ አንገቱን ደፍቶ ገቡ። ሙንዚር ነው የተቀበላቸው። እኔ ወጥ ቤት፣ በሩ ገርበብ ብሎ።

«አቡ ሩባ» አሉ ሐጂ ባሌን በልጃችን ስም ጠርተው፣ «የዘመድ ጥል የሥጋ ትል ነው። ልጅቷ አልሐምዱሊላህ ድናለች። መስመሩ ታጥቧል፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ንጹሕ ነው ብሏል። ታዲያ ቂሙ ለምን? ኡም ሩባ ማመልከቻዋን ታንሣ፣ የሕዝቡ ወይራ ይዳን።»

ሙንዚር ጢሙን ይዳብሳል። አውቀዋለሁ፣ እሺ ሊል ነው።

ወጥ ቤቱ ውስጥ በቀኜ የተገዛው ውሃ በጀሪካን አለ። በግራዬ ቧንቧው። ጀበናውን ከቧንቧው ሞላሁት።

ራሴ ይዤ ገባሁ። ወንዶች ፊት ሴት ቡና ስታቀርብ ወግ አይደለም፣ አንዳንዱ ዓይኑን ሰበረ። ቀዳሁ። ሐጂ እንደ ደንቡ ፍንጃላቸውን ሳይቀምሱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ባለቤቱ «ጠጡ» ካለ ጥያቄያቸው ተፈጸመ፣ ከጠጡ ታሰረ። ከዚያ ወዲህ እኔም አፌን መክፈት አልችልም።

ሙንዚር ጉሮሮውን ጠረገ። ቀደምኩት።

«እንግዶቻችን ሳይጠጡ አንድ ነገር ይወቁ። ውሃው የተገዛው አይደለም። ከቧንቧው ነው የቀዳሁት። ንጹሕ ነው ብላችኋል አይደል ሐጂ?»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን አወጡ።

ሙንዚር ፍንጃሎቹን አየ። ወንድሙን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ጠጡ» አለ። «ጥያቄያችሁ ተፈጽሟል። ቡናችሁን ጠጡ።»

አንድ ሰው ፉት ቢል አለቀልኝ።

ማንም እጁን አላነሣም። ሐጂ ዐቃብ መቁጠሪያቸውን ያዟዙራሉ። አንዱ ፍንጃሉን በጣቱ ትንሽ ገፋ አደረገው። እንፋሎቱ ቆመ። ሁላችንም እንፋሎቱ ሲቆም አየነው።

«ቡናው ቀዝቅዟል» አሉ ሐጂ፣ ተነሡ። የቀሩትም ተከተሏቸው።

ዋሲፍ አልተነሣም። እጁን ወደ ፍንጃሉ ሰደደ፣ መለሰ። ደግሞ ሰደደ... መለሰ። በመጨረሻ ከኪሱ የተቋጠረ መሐረብ አውጥቶ ፍንጃሉ አጠገብ ፈታው። ሞላው። ክዳኑ።

«ከማልኩልሽ ቀን ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነው» አለ። «ቅዳሜ ላስገባው ነበር፣ ሰው በዛ። ማክሰኞም ሰው በዛ...» አለቀሰ። ሳይሸፍን፣ እንደ ልጅ።

ልጠላው ፈለግሁ። አቃተኝ።

«ነገ መጥተሽ አስገቢው» አለኝ።

«ወንዶቹ ባሉበት?»

«ባሉበት።»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ቅዳሜ አስገባሁት። ግቢው በወንድ እንደተሞላ። አንዳንዱ ፊቱን አዞረ፣ አብዛኛው አንገቱን አስግጎ አየ። መርፌው ቆመ። «ይኸው ቆመ!» ብሎ የጮኸው ዋሲፍ ነው። ሰማያዊው በርሜል ወደ ማሳው ሄዷል፣ ጎማዎቹ ሚስማር ላይ ናቸው። ማኅተሙ ትናንት ተነሣ።

ዛሬ የውሃ ቀን። ሙንዚር ሳልጠይቀው ፓምፑን ነቅሎ ጓዳ ከቶታል። ጣሪያ ላይ ባዶ ቆጥ ፊት ቆሞ ያፏጫል... አልከለክለውም። ጠዋት ኡም ሱለይምና ነዋል፣ ሌሎችም፣ ብርጭቆ ብርጭቆ ይዘው በሬ ላይ ቆሙ። «ቅመሽልን» አሉኝ። አሁን ማንም ከኔ በፊት አይጠጣም። አሸተትኩ፣ ቀመስኩ። ውሃ ውሃ ይላል። ሻይ አፈላን፣ ናና ናና አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ!

ማታ ሩባ ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው።

«እማ... እዚህም መጭመቂያው ከቤቱ ጀርባ ነው።»

«እሺ።»

«ዛሬ የውሃ ቀናቸው ነው፣ ፓምፑ ሲጮኽ ዋለ። ሻዩ ወይራ ወይራ ይላል እማ። የታላን ጡጦ ደፋሁት። አማቴ ውሃችንን ሰደብሽ ብላ ተቆጣች። ከዚያ ‹እጅሽን ላሺው› ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ምንም ወይራ አልነካሁም። አብጄ ይሆን?»

«አላበድሽም። ታላን ታቀፊና በር ላይ ጠብቂኝ።»

ጌጁና መፍቻው ከረጢቴ ውስጥ ናቸው። ሙንዚር ምንም ሳይጠይቅ መኪናውን እያስነሣ ነው፣ እሱ እስኪጠራኝ ነው ይህን የምጽፈው። ሩባ ስታወራ ከኋላዋ የብርጭቆ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ሻዩ እየተቀዳ ነበር። ሁሉም ይስቁ ነበር።